«ደክመዋል» የሚለው ማን ነው?

በወር በ21፣ በእመቤታችን ቀን፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ያለውን አቀበት ይዘው ወደ እንጦጦ የሚወጡ አሮጊቶች አሉ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ምርኩዛቸውን እያስቀደሙ፣ በየመታጠፊያው እያረፉ ይወጣሉ። በዚያው መንገድ የባሕር ዛፍ ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ቁልቁል ይወርዳሉ፤ በመካከላቸው ወጣት ሯጮች ሽው ብለው ያልፋሉ። ከዓመታት በፊት በአንዱ ማለዳ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ያገኘኋቸውን አንዲት እናት «እማማ፣ ልደግፍዎት?» አልኳቸው። «አይ ልጄ፣ ጉልበቴ ከዳኝ። አንተ ሂድ፤ እኔ እዚሁ ሆኜ እሳለማለሁ» አሉኝ። አላፈሩም፤ አልተከዙም፤ ዝናብ መጣ እንደሚል ሰው በቀላሉ ነገሩኝ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ደብሩ መልሰው ሦስት ጊዜ አማተቡና ካሉበት ሆነው ተሳለሙ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ጥያቄ አብሮኝ ይወጣል፣ አብሮኝ ይወርዳል። በተራራው ላይ እንዲህ የቀለለችው ቃል፣ «ጉልበቴ ከዳኝ» የምትለው፣ በቤተ መንግሥት ደጃፍ ስትደርስ ስለ ምን እንደ ድንጋይ ትከብዳለች? ባለቤቱ ሊላት ካልቻለ ወይም ካልፈለገስ፣ «ደክመዋል» ብሎ ስለ እርሱ የሚናገርለት ማን ነው?

መጀመሪያ ግን ጉልበት ምን እንደ ሆነ እንመርምር። አማርኛችን ለእግር መጋጠሚያና ለብርታት አንድ ስም ሰጥቷል፤ ጉልበት የሚታጠፈው አካል ነው፣ ጉልበት ደግሞ ሌላውን የሚያሳጥፈው ኃይል ነው። ሰው ሥልጣን ባለው ፊት ይንበረከካል፤ ያ ማለት የራሱን ጉልበት አጥፎ የሌላውን ጉልበት ይመሰክራል። እንግዲህ ነገሩ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው፦ የሚንበረከከው ሰው ጉልበት ያስፈልገዋል፤ የሚንበረከኩለት ሰው ግን ተቀምጧል፣ ለመቀመጥም ጉልበት አያሻም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት እ.አ.አ. በ1921 በያዛቸው ሕመም እግራቸው ከከዳቸው በኋላ ነው ከ1933 እስከ 1945 አገራቸውን የመሩት። እግር የሌለው ሰው መምራት ከቻለ፣ በመሪ ላይ የምንጠይቀው ጉልበት የእግር እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ታዲያ የምን ነው? እንጦጦ ላይ ለሚሮጠው ወጣት ይህ ጥያቄ አይነሣም። ማርሽ ቀያሪው ምሩፅ ይፍጠር እ.አ.አ. በ1980 ሞስኮ ላይ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ሲያገኝ ዓለም ዕድሜውን አጥብቆ ጠይቆ ነበር፤ ቁርጡን ሳያገኝም ቀርቷል። ነገር ግን የዕድሜው መሰወር ማንንም አልጎዳም፤ የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ሰዓቱና መሙ ፍርዳቸውን በሕዝብ ፊት ሰጥተዋልና። ቀነኒሳ በቀለም በ42 ዓመቱ ፓሪስ ላይ ማራቶን ሮጦ 39ኛ ሲወጣ፣ ዓለም ያየውን እርሱም አይቷል፤ የደበቀውም የተደበቀበትም አልነበረም። የመሪ ሥራ ግን መም የለውም፤ ደወልም የለውም። የደከመ ሯጭ ወደ ኋላ ይቀራል፤ የደከመ መሪ ግን ካለበት አይንቀሳቀስም፣ ወደ ኋላ የምትቀረው አገሩ ናት፤ አገር ወደ ኋላ መቅረቷም በአንድ ማለዳ አይታይም።

ከጉልበት ይልቅ ጤና የሚለው ቃል ይበልጥ ያስቸግራል። እኛ ሰላምታ ስንሰጣጥ «ጤና ይስጥልኝ» እንላለን፤ «እንዴት ነዎት?» ብለን እንጠይቃለን፤ የታመመውም፣ ያገገመውም፣ ሞት አፋፍ ላይ ያለውም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይመልሳል። በቋንቋችን ስለ ጤና መጠየቅ ምርቃት እንጂ ምርመራ አይደለም፤ መልሱም ምስጋና እንጂ መረጃ አይደለም። ይህ የባህላችን ውበት ነው፤ ሰው ሕመሙን ለሁሉ ሳይዘረግፍ፣ ጠያቂውም ገመናውን ሳይገልጥ ይከባበራሉ። ነገር ግን ከምርቃት ቤት የመጣው ይህ ቃል ወደ ፖለቲካ ሲገባ ሌላ መልክ ያወጣል። «መሪው ጤነኛ ነው ወይ?» ብሎ በእውነት፣ መልስ ፈልጎ የሚጠይቅ ሰው በጆሯችን እንደ ጠያቂ ሳይሆን እንደ ሟርተኛ ይሰማል። የጠየቀው ያሰበው፣ ያሰበውም የተመኘው ይመስለናል። ይህ ፍርሃት ባዶ አይደለም፤ የመሪን ሕመም የሚያነሡ ብዙዎች በእርግጥም ወንበሩን የሚመኙ ናቸው። ስለዚህ አንዱ ሕመም ያወራል፣ ሌላው ሟርት ነው ይላል፤ በሁለቱ መሐል ቀላሉ ጥያቄ፣ የሥራው ጥያቄ፣ ጌታ አጥቶ ይቀራል። እኔም ይህን ሐተታ ስጀምር «አንተስ ምን ፈልገህ ነው?» የሚል ድምፅ ከውስጤ ሰምቻለሁ። የምፈልገው ያ ጌታ ያጣው ጥያቄ ጌታ እንዲያገኝ ነው።

በእንጦጦ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ከዳግማዊ ምኒልክ ሊሸሽ አይችልም። በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው፤ የእንጦጦ ቤተ መንግሥታቸውም እዚያው አጠገብ ነው። በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ ሲዘምቱ የ51 ዓመት ሰው ነበሩ፤ ከአዲስ አበባ እስከ ትግራይ ያለውን መንገድ ከሠራዊታቸው ጋር የሄዱት ጉልበት ባለው ሰውነት ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ሕመም ገባቸው፤ ብዙዎች ተተኪ ይሆናሉ ብለው የሚያስቧቸው ራስ መኰንንም በ1898 ዓ.ም. ቀድመዋቸው ዐረፉ። በ1900 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሚኒስትሮችን ሾሙ፤ በ1901 ልጅ እያሱን አልጋ ወራሽ፣ ራስ ተሰማ ናደውን እንደራሴ አድርገው፣ ይህን ቃል የሚያፈርሰውን ረገሙ። እስከዚህ ያለው የአንድ ብልህ ሰው ሥራ ነው፤ ጉልበቱ እየከዳው መሆኑን ያወቀና ሳያፍር የተናገረ ሰው፣ በድንጋይ ላይ እንደ ተቀመጡት እናት። ከዚያ በኋላ ሕመሙ አንደበታቸውን ያዘው። ያን ጊዜ የተነሣው ሙግት ንጉሡ ታመሙ ወይስ አልታመሙም የሚል አልነበረም፤ በማይናገሩት ንጉሥ ስም የሚናገረው ማን ነው የሚል ነበር። እቴጌ ጣይቱ በባላቸው ስም ሾሙ፣ ሻሩ፤ መኳንንቱ በመጋቢት 1902 ተባብረው ከመንግሥት ሥራ አገለሏቸው። ራስ ተሰማ በ1903 ሞቱ። ምኒልክ ግን በአልጋቸው ላይ ነበሩ፤ ይኖሩ ነበር፣ አልነበሩምም። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው በአዋጅ አልተነገረም፤ ለእንዲህ ያለ ንጉሥ የሚገባው የአደባባይ ለቅሶም አልተደረገም። እቴጌይቱ ወደ እንጦጦ ወጥተው የቀረ ዘመናቸውን በጸሎት ጨረሱ።

ከዚህ ሁሉ ልቤን የሚይዘው አንድ ነገር አለ። በዚያ ዘመን ሰው ሲምል «ምኒልክ ይሙት!» ይል ነበር። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንዱ «በምኒልክ አምላክ፣ ምኒልክ ይሙት» ካለ ሌላው ባለበት መቆም ነበረበት። በገበያ፣ በችሎት፣ በውል ላይ የንጉሡ ሞት በየዕለቱ ሺህ ጊዜ ይጠራል፤ የተጠራው ግን እንዳይሆን ነው። መሐላው የሚሠራው ሞቱ የማይታሰብ ስለ ሆነ ነው። እንግዲህ ሞቱ ሲደርስ ምን ይደረግ? ሞቱን በየቀኑ የሚጠራ ሕዝብ «ሞቱ» የምትለውን አንዲት ቃል ግን ሊነገረው አልቻለም። በድን የሆነ ንጉሥ እየተጠራ ገበያው ዋለ፤ ውሉ ታሰረ። መሐላው ያልሞተውን ሰው ሞት ይዞ ነበር፤ የሞተው ሰው ሕይወት ደግሞ መሐላው ውስጥ ቀረ። ሥልጣን በአንድ ሰው ሥጋ ላይ ብቻ ሲቆም የሚደርሰው ይኸው ይመስለኛል። ያ ሥጋ እንደማንኛውም ሥጋ ሊታመም አይፈቀድለትም፤ ስለማይፈቀድለትም ሲታመም ይሰወራል። የታመመው ሰው አይደለም የሚሰወረው፤ ሌላ ምሰሶ አለመኖሩ ነው።

ከማን ይሰወራል ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል። ከእንጦጦ ወደ የካና ወደ ቀበና ቁልቁል ሲታይ የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝና የጣሊያን ኤምባሲዎች ሰፋፊ ግቢዎች በዛፍ ተሸፍነው ይታያሉ። እነዚህ ሦስቱ መንግሥታት ናቸው በ1899 ዓ.ም. ለንደን ላይ ተቀምጠው፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ቢናጋ የእያንዳንዳቸው ጥቅም በየት በየት በኩል እንደሚጠበቅ የተዋዋሉት። ለዚያ ውል ካቻኮሏቸው ነገሮች አንዱ የምኒልክ ጤናና የተተኪያቸው ነገር ነበር። በኋላም ንጉሡ በአልጋ ሲውሉ መልእክተኞቻቸው ስለ ሕመሙ ወደየአገራቸው ይጽፉ ነበር። እንግዲህ ምስጢሩ ከባዕድ አልተጠበቀም። በዛፍ በተሸፈነው ግቢ ይታወቅ የነበረው ነገር ከግቢው አጥር ውጭ ጭራሮ ተሸክማ ለምታልፈው ሴት ሟርት ነበር።

እዚህ ላይ ራሴን የምቃወምበት ብርቱ ነገር አለ። መሰወር ሁሉ ክፋት ነው ማለት አልችልም፤ ያደግሁበት ቤት ይመሰክርብኛል። እኛ ክፉ ወሬ በድንገት አንናገርም። ሩቅ አገር የሞተ ሰው ቢኖር ወሬው መጀመሪያ ለሽማግሌዎችና ለጎረቤት ይደርሳል፤ ለባለቤቱ ግን ይያዛል፤ እንዲበላ፣ እንዲተኛ፣ ቀኑን በሰላም እንዲውል ይደረጋል። ከዚያ በማለዳ ደጁ ይንኳኳል፤ ሰዎች ተሰብስበው ይገባሉ፤ ሳይናገሩ ፊታቸው ይናገራል፤ መርዶ ይረዳል። በዚህ ልማድ ውስጥ ፍቅር አለ። ስለዚህ መንግሥት የመሪውን ሕመም ወይም ሞት ሲይዝ «ሕዝቡ እንዳይደነግጥ» ቢል፣ እናቴ ቤት የሰማሁትን ቋንቋ ነው የሚናገረው፤ ልቤም ለጊዜው ይሸነፋል። ነገር ግን ቀረብ ብዬ ስመረምር ሁለቱ መሰወሮች አንድ አይደሉም። መርዶ የሚይዙ ሰዎች የሚያተርፉት ነገር የለም፤ ምስጢሩ ሸክማቸው ነው፣ ባራገፉት ቁጥር ይቀላቸዋል። የመሪን ድካም የሚሰውሩ ሰዎች ግን ምስጢሩ እንጀራቸው ነው፤ በተያዘ ቁጥር የእነርሱ ቀን ይረዝማል። መርዶ የሚያዘው ሊነገር ነው፤ ለመናገሪያው ሰዓት አለው፣ ተናጋሪ አለው፣ ሥርዓት አለው። የቤተ መንግሥቱ ዝምታ ግን የሚያዘው እንዳይነገር ነው፤ ሲነገርም ወሬው ራሱ አፈትልኮ እንጂ ተረድቶ አይደለም። እንግዲህ መሰወርን ከመሰወር የሚለየው ሚዛን አንድ ነው፦ በዝምታው ማን ያተርፋል?

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነገር ደግሞ ጥያቄውን ከሕመም ወደ እርጅና ያዞረዋል። ሐምሌ 16 ቀን 1964 ዓ.ም. 80ኛ ልደታቸው ሲከበር እኚህ ሰው አልጋ ላይ የዋሉ አልነበሩም፤ ከዚያ ወዲህም ዋሽንግተንና ሞስኮ ድረስ ሄደዋል። በ1965 ዓ.ም. በሕመም የወደቁት አልጋ ወራሹ ልጃቸው ነበሩ፣ አባትየው ይሠሩ ነበር። ጉልበታቸው አልከዳቸውም። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥትም ንጉሠ ነገሥቱ በጽኑ ሕመም ሥራቸውን መሥራት ቢያቅታቸው የዘውድ ምክር ቤት ነገሩን አረጋግጦ እንደራሴ የሚቆምበትን መንገድ ጽፎ ነበር። ሕጉ ነበረ፤ አፍ ግን አልነበረውም። ምክር ቤቱ የንጉሡ ነው፤ በንጉሡ የተሾመ ሰው ንጉሡን «ደክመዋል» ሊል በሕግ ቢፈቀድለትም በኑሮ አይፈቀድለትም። በዚያው ጊዜ ወሎ ይራብ ነበር። ራቡ ከዙፋኑ ዘግይቶ የደረሰው በንጉሡ እግር ምክንያት አይመስለኝም፤ ክፉ ወሬ ይዞ የሚገባ ሰው ከደጃፉ እየጠፋ በመሄዱ እንጂ። የመሪ እርጅና የሚጀምረው ከጉልበቱ ሳይሆን ከጆሮው ነው የምለው ለዚህ ነው፤ ጆሮውም የሚያረጀው ራሱ ሰምቶ ሲሰለች ብቻ ሳይሆን ነጋሪ ሲያጣ ነው። በመጨረሻ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. የተነበበላቸው ቃል የ82 ዓመት ዕድሜያቸውን፣ የአካላቸውንና የአእምሯቸውን መድከም ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ ቆጠረ። በይፋ የተነገረ የዕድሜ ነገር የመጣው ከሚያወርዷቸው አፍ ነበር! በፍቅር ያልተነገረ ነገር በጠመንጃ ተነገረ። ከዓመት በኋላ ሲሞቱም በሕመም ነው ተባለ፤ ኋላ ደርግ ከወደቀ በኋላ በቀረበው ክስ ግን በአልጋቸው ላይ ታንቀው መገደላቸው ተገለጠ። በሕይወት ሳሉ ድካማቸው ተሰወረ፤ ሲገደሉ ሕመም ተፈጠረላቸው። ሕመም የሚባለው ነገር በሥልጣን እጅ ላይ መሸፈኛም መክደኛም ይሆናል።

ከዚህ ተነሥቶ ነገሩ የሽማግሌዎች ነው የሚል ካለ፣ 2004 ዓ.ም. ይመልስለታል። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በዚያው ዓመት ሐምሌ አዲስ አበባ በተካሄደው የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ላይ አልታዩም። ዕድሜያቸው 57 ነበር። በየሻሂ ቤቱ፣ በየታክሲው፣ በሾላ ገበያና በመገናኛ ሰው ሁሉ ስለ እርሳቸው ይጠይቅ ነበር፤ ሲጠይቅ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግራ ቀኙን አይቶ ነው። ከመንግሥት በኩል ዕረፍት ላይ ናቸው፣ ተሽሏቸዋል የሚል ቃል ይሰማ ነበር፤ ስለ ጤናቸው የጻፈው የፍትሕ ጋዜጣ እትም እንዳይሰራጭ ተደረገ። ነሐሴ 15 ማለዳ፣ ልክ እንደ መርዶ ሰዓት፣ በብራስልስ ማረፋቸው ተነገረ። እኔ የዚያን ቀን ያዘንኩት በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሰው ሞቷል፤ ሁለተኛው ሳምንታት ሙሉ አንድ አገር ሕዝብ በገዛ አገሩ ጉዳይ ላይ በሹክሹክታ መኖሩ ነው። የሞቱት ሰው ሕመማቸውን ለራሳቸው የመያዝ መብት አልነበራቸውም ማለቴ አይደለም፤ ማንም ሰው የሚታከምበትን ክፍል በር ሊዘጋ ይገባዋል። የሚያጨቃጭቀው በዚያ በር በስተኋላ ሰውየው ብቻ ሳይሆን ማኅተሙም መኖሩ ነው። የሕመሙ ስም የሕመምተኛው ነው፤ ማኅተሙ በማን እጅ እንደ ሆነ ማወቅ ግን የሁላችን ነው።

ተቃራኒውንም ማየት ያስፈልጋል። ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ የ76 ዓመት ሰው ነበሩ፤ ሁለት ዘመን አገልግለው ሲወርዱ 88 ሞልቷቸዋል፤ መራመድ እያስቸገራቸው መሄዱን ሁላችንም እናይ ነበር። በዚያ ላይ ግን አገር አልተሟገተም። ስለ ምን? ውሳኔ በእጃቸው ስላልነበረ ነው። እንግዲህ የመሪ ጤና የሚያሟግተው መሪው ስላረጀ አይደለም፤ የያዘው ነገር ስለከበደና የሚቀበለው ስላልታወቀ ነው። ይህ የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። አልጄሪያ ውስጥ አብደልአዚዝ ቡተፍሊካ እ.አ.አ. በ2013 በያዛቸው ሕመም ከሕዝብ ዐይን ርቀው ስድስት ዓመት ገዙ፤ በበዓላት ላይ በእርሳቸው ፈንታ በክፈፍ የተሰቀለ ሥዕላቸው ይቀርብ ነበር። ካሜሩን እ.አ.አ. በ2025 የ92 ዓመቱን ፖል ቢያን እንደገና መርጣለች ተብሏል። ብዙ ሕግና ብዙ ጋዜጣ ባላት አሜሪካ እንኳ፣ ፕሬዚዳንት መሥራት ሲያቅተው ምን እንደሚደረግ እ.አ.አ. ከ1967 ጀምሮ በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ተጽፎ ሳለ፣ የ81 ዓመቱን ጆ ባይደንን ከምርጫው ያስወጣቸው ያ ሕግ አልነበረም፤ እ.አ.አ. በሰኔ 2024 በቴሌቪዥን የታየ አንድ የክርክር ምሽት ነው። ቅርብ የነበሩት ያልተናገሩትን ካሜራው ተናገረ። ሕግ አለመኖሩ ያጎድላል፤ ሕግ ኖሮም የሚናገር አፍ ከሌለ እንደዚሁ ይጎድላል።

አፍ የሚጠይቀው ድፍረት ከሰው ሁሉ የማይገኝ ከሆነ፣ ድፍረት የማይጠይቅ መንገድ ይኖር ይሆን? መልሱ ከእግሬ ሥር ነበር። የካና ጉለሌ የሚሉት ስሞች ከተማው ሳይቆረቆር እዚህ ይኖሩ ከነበሩት የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች የመጡ ናቸው፤ እነርሱም በገዳ ሥርዓት የሚተዳደሩ ነበሩ። በገዳ አባ ገዳው በየ8 ዓመቱ ሥልጣኑን ያስረክባል። የሚያስረክበው ስለታመመ አይደለም፣ ስላረጀ ወይም ስላጠፋም አይደለም፤ ጊዜው ስለሞላ ነው። ካስረከበም በኋላ አይጣልም፤ መካሪ ይሆናል። እዚህ ላይ የሚደንቀኝ ጥበብ «ደክመሃል» የሚለውን መራራ ቃል ከሰው አፍ አንሥቶ ለዘመን መስጠቱ ነው። ዘመን ሲናገር ማንም ሟርተኛ አይባልም፤ የሚወርደውም አይዋረድም። አሁንም ግን ጥርጣሬ ይቀረኛል። ገዳ ለእርጅና መልስ አለው፤ በስምንቱ ዓመት መካከል በድንገት ለሚመጣ ሕመም ግን ዘመን ብቻውን አይበቃም። ለዚያ ሰው ያስፈልጋል።

ወደ አንድ ቃል ልመለስ፤ እንደራሴ ወደሚለው። ቃሉ «እንደ ራሴ» ነው፤ የታመመው ንጉሥ ሌላውን ሰው «ይህ እንደ እኔ ነው» ሲል የሚሰጠው ስም ነው። ይኸው ቃል ደግሞ ለሕዝብ ወኪል ይሠራል፤ የሕዝብ እንደራሴ እንላለን። በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት ዘመን ተቀምጧል። በመጀመሪያው ራስ የተባለው ንጉሡ ነው፤ በሁለተኛው ራስ የተባለው ሕዝቡ ነው። ሁለተኛውን ከልባችን ከተቀበልን ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል፦ በወንበሩ ላይ ያለው ሰው ከመጀመሪያውም እንደራሴ ነው፤ የተላከ ሰው ነው። የተላከ ሰው መንገድ ላይ ቢታመም ለላኪው «አሞኛል፣ ሌላ ላኩ» ማለት ውርደት አይደለም፤ የመልእክቱ ግዴታ ነው። ላኪውም «መልእክተኛዬ እንዴት ሆነ?» ብሎ ቢጠይቅ ሟርተኛ ሊባል አይችልም። ሟርት የሚሆነው ሕዝቡ ተላኪ፣ መሪው ላኪ ነው ብለን ስናስብ ብቻ ነው። እነሆ፣ ያንን ጌታ ያጣ ጥያቄ ጌታ አገኘሁለት።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በማይኖርበት ጊዜ ምክትሉ ተክቶት እንደሚሠራ ይናገራል። መኖር የሚለው ግስ በአማርኛ በሕይወት መሆንም፣ በቦታው መገኘትም ነው፤ በማይኖርበት ጊዜ ሲባል ውጭ አገር የሄደውም የሞተውም በአንድ ቃል ይጠቃለላሉ። በሕይወት እያለ የሌለው ግን፣ በአልጋው ላይ እንደ ነበሩት ምኒልክ ይኖራልም አይኖርምም የሚባለው፣ ከቃሉ ውጭ ይቀራል። «አይኖርም» ብሎ የሚወስነው ማን እንደ ሆነ፣ ሐኪም ይሁን ምክር ቤት፣ በስንት ቀን ውስጥ ለሕዝብ እንደሚነገር አልተጻፈም። በየካ ያለ አንድ ተራ እድር እንኳ የመተዳደሪያ ደንቡን የሚጽፈው ለቅሶ ቤት ተቀምጦ አይደለም፤ ማንም ያልሞተበት፣ አባላቱ በጤና የተሰበሰቡበትን እሑድ መርጦ ነው፤ ዳኛው ቢታመም ማን መዝገቡን እንደሚይዝም ያን ዕለት ይጽፋል። እኛም ይህን የምንነጋገርበት ጊዜ ማንም ያልታመመበት ቀን ነው፤ ታሞ የተሰወረ ሰው ሲኖር ጥያቄው ሟርት ይሆናልና። ሕግ የምታውቁ ጻፉት፤ በምክር ቤት ያላችሁ አንሡት፤ ይህን የምታነብም በሚቀጥለው እሑድ እድርህ ሲሰበሰብ የእድራችሁን ደንብ አንሥተህ ዳኛው ሲታመም ምን እንደሚል አንብብ፤ ከዚያ የአገርህን ሕገ መንግሥት ገልጠህ ያንኑ ፈልግበት።